ሐጂ ሰይድ ወደ ማዶው መደብር የተሻገሩ ዕለት

ሐጂ ሰይድን የማያውቅ የወረታ ሰው የለም። ከሱቃቸው ፊት ለፊት፣ በየከተማው ቅርንጫፍ ያለው የርካሽ ዕቃ መደብር ከተከፈተ ወዲህ ግን እኔን ጨምሮ ደንበኞቻቸው ሁሉ ወደዚያ ዞረናል። አንድ ቀን እዚያ ያጣሁትን ጥቁር ክር ፍለጋ ሐጂ ዘንድ ብገባ፣ የመደብሩ ሻጭ ዘቢደር ጥግ ላይ ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች። ለካ መደብሩ ልጅ ይዞ መግባት ስለማይፈቅድ ሕፃኑን የሚያውሉላት የሐጂ ባለቤት ናቸው። ወዲያው የመደብሩ ተቆጣጣሪ ከች አለ።

«ደንበኛ ተሰልፏል እኮ! አሁን ካልተመለስሽ ነገ እንዳትመጪ!»

ዘቢደር ደንግጣ ልጁን ከጡቷ ልታላቅቅ ስትል ሐጂ እጃቸውን አነሱ።

«አትነሽ ልጄ፣ ይጥገብ። አንተም አትቆጣ፤ ሰው ከጎደለህ እኔ እቆምልሃለሁ።»

«ሐጂ፣ እርስዎ እኮ...» ብሎ ሳይጨርስ ሱቁን ለባለቤታቸው ትተው አስፋልቱን ተሻገሩ። ተከትያቸው ሄድሁ። እዚያ የተሰለፉት ሁሉ የጥንት ደንበኞቻቸው ነበሩ፤ ሲያዩን መግቢያ ጠፋን። እሳቸው ግን ከባንኮኒው ኋላ ቆመው ፈገግ አሉ።

«እንዴት ዋላችሁ? ምን ልስጣችሁ?»

ተቆጣጣሪው በሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቀረ። ዘቢደርን ልጇን አጥግባ እስክትመለስ ማንም አልጠራትም።