የላይኛው ማሳ

— ሄሎ... አለሁ፣ አለሁ። ከበረት እየሮጥኩ መጥቼ ነው... ኧረ አልወደቅሁም። በዚህ ዕድሜ ሮጥኩ ማለት ተራመድኩ ማለት ነው። ኮሪን ነሽ?... ድምፅሽ ይቆራረጣል። ቆይ፣ ወደ ግድግዳው ልጠጋ... አሁንስ?... እሺ።

— ብቻዬን አይደለሁም። ሜርተን አለ... አዎ፣ ጎረቤታችን። ሌላ ሜርተን የት አለ? ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወጥ ቤት ተቀምጧል... ለምን እንደመጣ እነግርሻለሁ። አንቺ መጀመሪያ ያንቺን ጨርሺ። ሠርግሽ ከነገ ወዲያ ነው። ዝርዝርሽን አንብቢው።

— ወንበር... መቶ አስር። ከቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት አምጥቻለሁ። አንድ በአንድ ተቀምጬ ሞከርኳቸው። የሚንገዳገዱትን ቀየርኩ... ሁሉም ላይ፣ አዎ። መቶ አስር ጊዜ ተቀምጬ ተነሳሁ። ካላመንሽ ጉልበቴን ጠይቂው።

— ጭቃው... ከመንገዱ እስከ ድንኳኑ ሳንቃ ደርድሬያለሁ። ለተሽከርካሪ ወንበር ይበቃል። በረዶው ከቀለጠ ወዲህ ታችኛው መሬት ገና አልጠነከረም። ባለ ተረከዝ ጫማ ያደረገች ሴት ከሳንቃው ከወረደች ጫማዋን እዚያው ትታ ነው የምትሄደው... ጽፈሽላቸዋል? ጥሩ።

— ብርድ ልብሱ በቅርጫት፣ የትንኙ ቅባት መግቢያው ላይ። ሽንት ቤቶቹ ከሜፕል ዛፎቹ ጀርባ ቆመዋል። አንዱ ሰፊ ነው... ለወይዘሮ ቲቦ፣ አዎ። ከፊት መስመርም ቦታ ትቼላቸዋለሁ፤ የኦክስጅን ጠርሙሳቸው የሚቆምበት ጭምር። የሙሽራው አያት ከኋላ አይቀመጡም።

— አታመስግኚኝ... አታመስግኚኝ አልኩ እኮ፣ ልጄ።

— ድምፄ ምን ሆነ?... ምንም አልሆነም።

— ሜርተን፣ መስኮቱን ዝጋው እስቲ። ዝጋው። አየር አልፈልግም።

— ሄሎ፣ አለሁ። መስኮት እያስዘጋሁ ነው... ሞቋል፣ አዎ። ቢሞቅም ይዘጋ።

— ኮሪን፣ ተቀምጠሻል?... ማንም አልሞተም። ላሞቹም ደህና ናቸው... የላይኛው ማሳ ላይ ፍግ በትኛለሁ።

— ቀልድ አይደለም። እኔ ቀልድ አውቃለሁ?... ሰኞ። ከጠዋት እስከ ምሳ። ከድንኳኑ በላይ ያለውን በሙሉ... ረሳሁታ። ሥራ በዛብኝና ረሳሁት...

— ሜርተን ነው። አላሳለም፣ ሳቀብኝ ነው... ቆይ። ቆይ ልጄ፣ እንደገና ልንገርሽ። አልረሳሁም።

— በረቱ በር ላይ በቀይ ጽፈሽ የለጠፍሽው ወረቀት አለ አይደል? «አያቴ፣ ከሠርጉ በፊት ፍግ የለም» የሚለው። በየቀኑ አራት ጊዜ በፊቱ አልፋለሁ። ሰኞም አነበብኩት። አንብቤው ሄጄ ትራክተሩን አስነሳሁ።

— ለምን?... ስድሳ ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት። የፍጉ ጉድጓድ ሞልቷል፣ የላይኛው መሬት ትራክተር ይሸከማል፣ ዝናብ ይመጣል ተብሏል። እንዲህ ሲገጥም ሰው ይበትናል። አባቴ እኅቱ በተቀበረች ዕለት በትኗል። ዝናቡ ያጥበዋል፣ በግንቦት ነፋሱም ወደ ወንዙ ነው የሚነፍሰው አልኩ... ደግሞ... ከከተማ የሚመጣ ሰው አፍንጫውን ይዞ ይቀመጥ አልኩ። በሆዴ። እንደዚያ ብያለሁ።

— ዝናቡ ቀረ። ነፋሱም ማክሰኞ ዞረ።

— ገና አልጨረስኩም። ማክሰኞ የሙሽራሽ የሬሚ እናት እናቷን ወይዘሮ ቲቦን ይዛ መጣች። መንገዱን ቀድመው ይዩት ብላ። ሳንቃው ላይ አሥር እርምጃ አልሄዱም፣ ሳል ያዛቸው... አንቺ የምታውቂው ዓይነት ሳል አይደለም። ከንፈራቸው ጠቆረ። ደግፈን መኪና ውስጥ አስገባናቸውና መስኮቱን ዘጋን... ኋላ ተሻላቸው። ሲሻላቸው ይቅርታ ጠየቁኝ፣ አስቸገርኩህ ብለው። እሳቸው፣ እኔን።

— ከዚያ የሬሚ እናት ሽታው ከየት ነው ብላ ጠየቀችኝ... ምን አልኩ?... ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ?... ከሜርተን ላሞች ነው አልኳት።

— አዎ። ሜርተን ላሞቹን ከሸጠ ሁለት ዓመቱ ነው። አውቃለሁ። ጨረታው ዕለት አጠገቡ የቆምኩት እኔ ነኝ። መሐረብ የሰጠሁትም እኔ ነኝ... ዛሬ ጠዋት የሬሚ እናት ደወለችለት። እስከ ቅዳሜ ድረስ ላሞችህን ራቅ አድርግልን ብላ ለመነችው፣ በትሕትና። እሱም እሺ አላት... እሺ አላት እኮ ነው የምልሽ። አላጋለጠኝም። ስልኩን ዘግቶ እዚህ መጥቶ ተቀመጠ። «ላሞቼ እንዴት አደሩ?» አለኝ።

— አርሰዋለሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ማረሻውን ትራክተሩ ላይ እቀጥላለሁ። አፈሩ ከተገለበጠ እስከ ቅዳሜ ሽታው ይበርዳል... የሉሲል ሣር መሆኑን አጣሁት? አያትሽ በእጇ ነው የዘራችው። ሠላሳ ዓመት ማረሻ አልነካውም። ቢሆንም... አልፈልግም ማለት?

— የት?... የእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ... ጥሩ ነው። ደረጃ የለውም። ማሞቂያውም ይሠራል። መኪኖቹን ውጭ ካቆሟቸው ሁሉንም ሰው ይይዛል። አለቃቸውን እኔ አነጋግራለሁ... አነጋግረሻል? መቼ?

— ማክሰኞ ማታ።

— ታውቂ ነበር ማለት ነው... የሬሚ እናት ያልኳትን ነገረችሽ?... ሜርተን ላም እንደሌለው አንቺም ታውቂያለሽ። እውነትሽን ነው።

— ታዲያ ወንበሩን፣ ሳንቃውን፣ ቅርጫቱን ስትጠይቂኝ... እስክነግርሽ እየጠበቅሽ ነበር... ሁለት ቀን ሙሉ... ባልነግርሽስ ኖሮ?... ተይው። አትመልሺልኝ።

— ወንበሮቹን ዛሬውኑ እጭናለሁ። ሳንቃውንም አመጣለሁ፣ ጣቢያው በር ላይም ጭቃ አለ... ሌላስ?

— እኔ?... ለወይዘሮ ቲቦ ለራሳቸው ደውዬ እንድነግራቸው። ለልጃቸው ሳይሆን... አንቺ ብትነግሪልኝስ?... አይሆንም። እሺ... ማረሱ ይቀለኝ ነበር።

— ገባኝ። ካልደወልኩ ክንድሽን ይዞ ወደ ሠርጉ የሚያስገባሽ ሌላ ሰው ነው... አላኮረፍኩም። በየትኛው አፌ ነው የማኮርፈው?

— ቁጥራቸውን ንገሪኝ። ወረቀት... ሜርተን፣ ያንን አቀብለኝ... የበረቱ በር ላይ የነበረው ነው። ሲመጣ ነቅሎ ይዞት ገባ። ከጀርባው እጽፋለሁ... በይ... ጻፍኩ... ጻፍኩ ብዬሻለሁ፣ አትድገሚው።

— እሺ። ደህና ሁኚ... ኮሪን?... ኮሪን፣ እኔ... ዘጋችው።

— የት ትሄዳለህ? ባርኔጣህን አውልቅና ቁጭ በል፣ ሜርተን። ይቅርታውን ካንተ ልጀምር።