ቅዱስ ጴጥሮስ ከትልቋ መርከብ ፊት

የምስክር ቃል
የምስክሯ ስም፦ ኔሊዳ ሁዋማንቹሞ
ዕድሜ፦ 58 ሥራ፦ ዓሣ ነጋዴ
አድራሻ፦ ፔሩ፣ ፑንታ ጋርሳ፣ የዓሣ አጥማጆች ሰፈር
ቀን፦ ጁን 30፣ የቅዱስ ጴጥሮስ በዓል ማግስት
ተጠርጣሪ፦ ኤሌውቴሪዮ ኡካኛን፣ የጀልባ ባለቤት
ጉዳዩ፦ በመርከብ ላይ መንገድ መዝጋት

ተጠርጣሪውን ዶን ኤሌውቴሪዮን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ ዝምድናም ጠብም የለንም። አዲሱን ወደብ ከሚጠሉት ወገን አለመሆኔ ይመዝገብልኝ። የባሕሩ ወለል ተቆፍሮ ጠልቆ፣ የመርከብ መጠጊያው ረዝሞ፣ ልጄ ኤድጋርዶ ከአዲሶቹ ክሬኖች በአንዱ ላይ ተቀጥሯል። የትናንቷን መርከብ ከማንም በላይ ስጠብቅ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ትናንት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የቅዱስ ጴጥሮስን ምስል በወሳንሳ ተሸክመን በዶን ኤሌውቴሪዮ ጀልባ ላይ አሳፈርን። ሌሎች ጀልባዎችም ተከተሉን። ምስሉ በየዓመቱ የማዕበል መከላከያውን ግንብ ዞሮ ይመለሳል። ሳይዞር መመለስ በእኛ ዘንድ አይደረግም፤ ከተመለሰ የዓመቱን ዓሣ ይዞብን ይሄዳል። ፈቃዳችን እስከ ቀትር ነበር፤ መርከቧ የምትገባው ከሰዓት በኋላ ነው ተብለን ነበር።

ግንቡ ጋ ሳንደርስ መርከቧ ከተባለው ሰዓት ቀድማ መጣች። ኮንቴይነሮቿ ከቤተ ክርስቲያናችን ደወል ቤት በላይ ተደርድረዋል። የወደቡ ጥበቃ ጀልባ ደርሶ በድምፅ ማጉያ "ተመለሱ! መንገድ ዘግታችኋል!" እያለ ጮኸብን። ዶን ኤሌውቴሪዮ "ጴጥሮስ ከመንገድ አይመለስም!" አሉት። ጠባቂው "እንግዲያው ፍጠኑ!" ቢላቸው "ሁለት ሺህ ዓመት የሞላው ሽማግሌ ነው የያዝኩት፤ አንተ አያትህን ታስሮጣለህ?" አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። መርከቧ ተናዳ ወደ ሌላ ወደብ ከሄደች የልጄ እንጀራ አበቃለት ብዬ ፈርቼ ነበር።

ወዲያው በጀልባችን ሬዲዮ የሴት ድምፅ መጣ። መርከቧን ወደ ወደቡ እየመራች የምታስገባው ማሩሃ ኡርሲያ ናት፤ የሰፈራችን ልጅ። "አጎቴ ኤሌውቴሪዮ፣ ጠባቂውን ይተዉትና እኔን ይስሙኝ" አለች።

"ስሚ አንቺ ልጅ፣ ቅዱሱን አልመልስም!" አሏት።

"ማን ይመልሱት አለዎት? ግንቡን አዙረውት፣ የመርከብ መግቢያ መስመሩን ቀኝ ጠርዝ ይዘው ከፊቴ ይግቡ። እኔ ፍጥነት ቀንሼ እከተላለሁ። ዛሬ እሱ ነው የሚያስገባን!"

ዶን ኤሌውቴሪዮ ባርኔጣቸውን አውልቀው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

ያለችውን አደረግን። ከፊት ቅዱሱ፣ ቀጥሎ ጀልባዎቻችን፣ ራቅ ብላ ደግሞ በጎታች ጀልባዎች የተያዘችው መርከብ ሆነን ገባን። እኛ ወደ ዓሣ አጥማጆች ማረፊያ ስንታጠፍ መርከቧ ጥሩምባዋን ነፋች፤ ባሕር ዳር የቆመው ሕዝብ በጭብጨባና በጩኸት አገሩን አናወጠው። መርከቧም ያለ አንዲት ጭረት መጠጊያው ላይ ቆመች። የመጀመሪያውን ኮንቴይነር ያነሳው የልጄ ክሬን ነው። እንደዚያ ያለ ደስታ በዕድሜዬ አላየሁም፤ ይህም ይጻፍልኝ።

ስለዚህ በጠባቂው ክስ ዶን ኤሌውቴሪዮ መታሰራቸውና ጀልባቸው መያዙ አግባብ አይደለም። መርተው አስገቧት እንጂ አልዘጉባትም።

በሬዲዮ የተባለውን ሌላ ማን ሰማ ተብዬ ስጠየቅ፣ ወሳንሳውን ከፊት በግራ በኩል ይዞ የነበረው ሰው ሬዲዮው ጆሮው ሥር ስለነበር ጥርት አድርጎ ሰምቷል ብያለሁ። ስሙ ማን ይባላል ተብዬ ስጠየቅ፣ ትናንት የደንብ ልብስ ባይለብስም፣ ይህን ቃል አሁን የሚጽፈው መርማሪ ዊልመር ፒሚንቹሞ ራሱ ነው ብያለሁ። እስክሪብቶውን ቢያስቀምጥም "ጻፈው እንጂ ልጄ፣ ምን ያስፈራሃል?" ብዬው ጽፏል።

የተጻፈው ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ያየሁትና የሰማሁት ይኸው ነው፤ በፊርማዬም አጸናሁት።

የምስክሯ ፊርማ፦ ኔሊዳ ሁዋማንቹሞ

ቃል የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ዊልመር ፒሚንቹሞ

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ምስክሯ ያለችው ልክ ነው፤ ሰምቻለሁ። መዝገቡን ለሌላ መርማሪ አስረክቤያለሁ፤ ሁለተኛው ምስክር እኔ ነኝ።