ሰማዩን የቀነስኩ ቀን

ሱዳን ጠረፍ ላይ ባለችው ባሱንዳ ከተማ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ከካርቱም ይዤው የመጣሁትን የማስተርስ ሥራ ላፕቶፔ ላይ እሠራለሁ። ፕሮግራሙ ማውስ አያውቅም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጻፍክ ነው የምታሠራው። ሰሊጥ ዘርተው ዝናብ የሚጠብቁት አያ መንገሻ አጠገቤ ናቸው። «ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ። «የከዋክብት ፎቶ ነው። ካሜራው የሚያነሳው ሙቀት ስለሆነ የሰማዩ ሙቀት ይሸፍናቸዋል፤ እና ሰማዩን እየቀነስኩ ነው» አልኳቸው።

ሻይ ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። «ምኑን?» «ሰማዩን።» «ወላሂ አትነካውም! መጀመሪያ ይዝነብልን፤ ከዚያ ጠቅልለህ ውሰደው!» አሉ አያ መንገሻ። ፎቶው ላይ ብቻ ነው ብዬ ምዬ ተገዝቼ ኢንተር ተጫንኩ። ፎቶው ጥርት አለ፣ ከዋክብቱ ቦግ ቦግ አሉ። ደስ ብሎኝ ቀና ስል ስክሪኑን የሚያይልኝ የለም፤ ሁሉም ዓይናቸው ውጭ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ያንዣበበው ደመና ድራሹ ጠፍቷል! አያ መንገሻ ዱላቸውን ጨብጠው ተነሱ። «መልስ!» አሉኝ። ምን ላድርግ? ያን ሁሉ የለፋሁበትን ፋይል አጥፍቼ የመጀመሪያውን መለስኩ። ደመናው ተመልሶ እንደሆነ ለማየት ግን ከሁሉም ቀድሜ ከበሩ የወጣሁት እኔ ነኝ።