የሙአዊያ ጠያቂዎች

ቡራዩ ከታክሲ ወርጄ የሙዝ ፌስታሌን እንዳንጠለጠልኩ ከሬሐና ጋር ተገጣጠምን። ሬሐና የሰፈራችን ባለሱቅ የሐጂ ዲኖ ልጅ ናት፤ ላቦራቶሪ ተምራ አዲስ አበባ ትሠራለች። ወንድሟ ሙአዊያ ዓለም ገና ላይ ባጃጅ ተገልብጦበት ጭንቅላቱን ከተመታ ወዲህ ፊቷ ላይ ሳቅ አላየሁም።

«መምህር፣ እርስዎም ሊጠይቁት ነው?» አለችኝ ሙዙን እያየች።

«እንዴ፣ ጎረቤት አይደለሁም እንዴ?»

«ከሐኪሙ ዘንድ መምጣቴ ነው። አባን የማናግረው ነገር አለኝና እባክዎ አብረውኝ ይግቡ። እርስዎ ካሉ አይቆጡኝም።»

ደጁ ላይ ጫማ ተከምሮ መግቢያ አልነበረም። የእኛ ሰፈር ሰው ፍቅሩ በልክ አይደለም፤ ታመመ ሲባል ተጠራርቶ መጥቶ አልጋህ ሥር ይሰፍራል። ሙአዊያ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ጎረቤታችን ኦቦ ኦዳ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብለው «አካም ጅርታ? እንዴት ነህ? እኔ ማን ነኝ? አወቅከኝ?» ይሉታል። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያስብ ቆየና ስማቸውን ጠራ። «ማሻአላህ!» አለ ቤቱ። ወዲያው ሌላው ተጠግቶ ያንኑ ጠየቀው።

ሬሐና አባቷን ወደ ጓሮ ጠራቻቸው። እኔም ተከተልኳቸው።

«አባ፣ ሰው ይብቃ። ሙአዊያ ዕረፍት ያስፈልገዋል።»

«የታመመን መዘየር ግዴታ ነው፣ ልጄ! በሬን ብዘጋ ሰው ምን ይለኛል? ደግሞ ድኗል እኮ። ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ነው ተብሏል፣ ይበላል፣ ሰው ያውቃል። ሰኞ ሱቅ ይገባል።»

«ሲቲ ስካኑ ያላሳየውን ደሙ አሳይቷል። አንጎል ሲጎዳ ከውስጡ የሚወጣ ፕሮቲን አለ፤ ወደ ደም ይገባል። ሐኪሞቹ በተጎዳ ጊዜ ለጥናት ብለው ሲለኩት ብዙ ነበር። ዛሬም ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።»

«ቆሞ ሲሄድ በዓይኔ እያየሁት?»

«አባ፣ የዘይት ጀሪካን ደህና ቆሞ፣ ከሥሩ ያለው ካርቶን ረጥቦ ቢያገኙ ምን ይላሉ?»

«የሆነ ቦታ ያፈሳል እላለሁ።»

«ደሙም የነገረን ይህንኑ ነው።»

«እሺ፣ ይድናል ይላል ወይስ አይድንም?» ድምፃቸው ተሰበረ። «ነገን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፣ ሬሐና። ጥንቆላ ቤቴ አይገባም።»

«ሐኪሙም ነገን አውቃለሁ አላለም፤ ያየው ዛሬን ነው። ከሌሎች ሕመምተኞች ጋር አስተያይቶ፣ እንዲህ ያለው አብዛኛው ይድናል፣ ግን ወራት ይወስድበታል አለኝ። ልሳሳትም እችላለሁ ብሎኛል። ሳይድን ከደከመ፣ ወይ እንደገና ከተመታ ግን ያስፈራል። ደግሞስ የዚያራ አደቡ ጥየቃን ማሳጠር ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም?»

ሐጂ ዳኝነት ፈልገው ወደ እኔ ዞሩ። አፌን ሳልከፍት ሙአዊያ ግድግዳ እየተደገፈ ብቅ አለ። ከፀሐዩ በእጁ ዓይኑን ጋርዷል።

«አባ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሁላችሁንም አውቋችኋል ይበሏቸውና ይሂዱልኝ። ራሴን ያመኛል። እርስዎም ጠዋት ጠዋት አይጠይቁኝ። ስም ስፈልግ እደክማለሁ።»

የሐጂን ፊት ማየት አቃተኝ። በየማለዳው «እኔ ማን ነኝ?» እያሉ ልጃቸውን የሚፈትኑት አንድ ቀን መልስ ያጣ እንደሆነ ብለው በፍርሃት ነበር። ፍቅር እንዲህ ያደክማል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ያን ዕለት ሐጂ አግዳሚ ወንበር ከበሩ ውጭ አወጡ። ከዚያ ወዲያ ጠያቂውን ሁሉ እዚያው ይቀበሉ ጀመር። «ሁላችሁንም አውቋችኋል፤ ዱዓ አድርጉለት» ይላሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ኦቦ ኦዳ መጀመሪያ ተቀየሙ፤ ኋላ ግን አጠገባቸው ተቀምጠው ጮክ የሚለውን ሁሉ «ሱታ! ቀስ በል!» የሚሉት እሳቸው ሆኑ።

ቤቱ ጸጥ አለ፤ ሙአዊያም እንቅልፍ አገኘ። ደሙ በተለካ ቁጥር ያ ፕሮቲን እየቀነሰ ሄደ። ዕረፍት ብቻውን አዳነው አልልም፤ ይህን ሐኪሙም አይልም። ነገር ግን ወራት እንደሚወስድ አስቀድመው ባያውቁ ኖሮ፣ ሐጂ ልጃቸውን ያን ሰኞ ሱቅ ያቆሙት ነበር። አንባቢዬ፣ መጠያየቃችን አይቅር፤ አገር ያቆመ ደግ ልማድ ነው። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ስለቆመ ብቻ ግን ድኗል አንበል። ሐኪም ደም ልለካ ሲል አንሽሽ፤ የሚነግረን እርግጥ ባይሆን እንኳ ምን ያህል መታገሥ እንዳለብን ይጠቁመናል።

ክረምቱ አልፎ አንድ ቀን ከሰዓት ከሐጂ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ሳለ በሩ ተከፈተ። ሙአዊያ ሻይ ይዞልን ወጣ። ወደ አባቱ ጎንበስ ብሎ ፈገግ አለ።

«አባ፣ እኔ ማን ነኝ? አወቁኝ?»

ሐጂ ዲኖ ብርጭቆውን መቀበል አቃታቸው።

«አወቅኩህ ልጄ» አሉ እያለቀሱ፣ «አወቅኩህ።»