የስንዱ ጊታር ለምን ዝዝ አለ

አዳማ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ጊታር ተጫዋቿ ስንዱ ጊታሯን በሽማግሌው ጠጋኝ በጋሽ ይርዳው ጠረጴዛ ላይ ትታ ወደ በሩ ስታመራ።

ይርዳው፦ ተመለሺ ልጄ። ቁጭ በይና ስሚኝ። ጊታር እንደ ድመት ግልገል ሰው ደጃፍ ላይ ተጥሎ አይኬድም።

ስንዱ፦ አልጣልኩትም ጋሼ። እጁ የጠና ሰው ሲመጣ ይስጡልኝ ነው ያልኩት። የእኔ እጅ ልል ነው ተብሏል፤ አበቃ።

ይርዳው፦ ማነው ያለው?

ስንዱ፦ የሆቴሉ ባንድ አለቃ፣ አቶ ግዛቸው። ለፈተና ጠርተውኝ፣ ሦስተኛውን ዘፈን ሳልጨርስ ክሩ ዝዝ አለ፤ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባ ዝንብ። ስፒከሩ ደግሞ አጉልቶ ለአስተናጋጁ ሁሉ አሰማብኝ። አንዷ ሳህን እንደተሸከመች ቆማ አየችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ይርዳው፦ ጊታሩ ነው አላልሽም?

ስንዱ፦ ብያለሁ። ባለፈው ወር የጠገኑልኝ እርስዎ ነዎት ስላልኳቸው እርስዎ ጋ ደወሉ። ምን እንዳሏቸው መቼም አይረሱትም።

ይርዳው፦ አልረሳሁትም። ከእኔ እጅ ሲወጣ ጤነኛ ነበር፣ የልጅቷን አያያዝ እይ አልኩት።

ስንዱ፦ በባንዱ ፊት ደገሙልኝ። እዚህ አገር ስለ ጊታር እርስዎ ከተናገሩ ማን ይጨምራል? ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት ቤት ዘግቼ ክር ስጫን ነው የከረምኩት። ይኸው ጣቴን ይዩት። እናቴ ምን ነካሽ ስትለኝ ቢላ ነው ብያታለሁ። አሁንም ዝዝ ይላል። ነገ ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።

ይርዳው፦ ዝዝ የሚለው የት ነው? በየቦታው?

ስንዱ፦ ቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ፣ አንገቱ ላይ ካሉት ብረቶች ስድስተኛው ፍሬት ላይ ስጫን ብቻ። ሌላው ጋ ጥርት ያለ ነው።

ይርዳው፦ እስቲ ያዢው። እኔ ጎንበስ ብዬ ብረቶቹን ልያቸው፤ አንቺ ስድስተኛው ላይ ተጭነሽ ምቺ።

ስንዱ፦ እሺ። ሰሙት?

ይርዳው፦ ሰማሁ። ትንሽ ነው። ከአያያዝ ይመስለኛል።

ስንዱ፦ ጋሼ።

ይርዳው፦ ወዬ።

ስንዱ፦ ገና አልመታሁትም።

ይርዳው፦ አልመታሽውም?

ስንዱ፦ ባለፈው ወር ሲሞክሩት አገጭዎን እንጨቱ ላይ አስደግፈው ነበር። የሽማግሌ አመል መስሎኝ በሆዴ ሳቅሁ።

ይርዳው፦ በአጥንቴ ነው የምሰማው ልጄ። ወፍራሙ ክር ይመጣልኛል። የሰው ቃልም ፊት ለፊቴ ከሆነ ይመጣልኛል። ቀጭኑ ድምፅ ግን ከራቀኝ ሁለት ዓመቱ። መጀመሪያ ወፎቹ አዳማን ጥለው የሄዱ መስሎኝ ነበር። ባለቤቴን ብጠይቃት፣ እዚያው ዛፉ ላይ እየተንጫጩ ነው፣ አንተ ምን ሆነሃል አለችኝ።

ስንዱ፦ ለሌላ ሰው አልተናገሩም?

ይርዳው፦ ለማን ልናገር? አርባ ዓመት ሙሉ፣ ይርዳው በማስመሪያ አይለካም፣ ጆሮው ይበቃዋል ሲባልልኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ማስመሪያ የያዘ ጠጋኝ ሳይ ስስቅበት ነው የኖርኩት። ሰባተኛው ፍሬት ተበልቶ ስለነበር አዲስ ቀየርኩልሽ። አዲስ ብረት ከጎረቤቶቹ እኩል እስኪሆን ይሞረዳል፤ መቼ እንደሚበቃ የሚነግረኝ ጆሮዬ ነበር። ያን ቀን ዝም ሲለኝ፣ ጠራ ብዬ ሞረዴን አስቀመጥኩ።

ስንዱ፦ እና አልጠራም ነበር?

ይርዳው፦ ያንን ማስመሪያ አቀብዪኝ። ሦስቱ ፍሬቶች ላይ አጋደምኩት። ጫፉን ነካ አድርጊው።

ስንዱ፦ ይወዛወዛል። መሃለኛው ጉብ ብሏል።

ይርዳው፦ ሰባተኛው ነው። ስድስተኛው ላይ ስትጫኚ ክሩ ሲርገበገብ እሱን ይነካዋል፤ ዝዝ የሚለው ለዚህ ነው። እጅሽ ልል ቢሆን ኖሮ የትም ብትጫኚ ዝዝ ይል ነበር። ይኼን የትናንት ተማሪ ያውቀዋል። ግዛቸው ሲደውልልኝም አውቀው ነበር።

ስንዱ፦ ታዲያ ያኔ ለምን አምጡትና ልየው አላሉም?

ይርዳው፦ ፈራኋ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ፤ ጆሮዬን ፈርቼ ጣትሽን መታሁ።

ስንዱ፦ እኔ ጣቶቼን ስረግም ነው የሰነበትኩት። እርስዎ ይሳሳታሉ ብሎ ማሰቡ ራሱ ነውር መስሎኝ።

ይርዳው፦ ቀና ብዬ እንዳላይሽ ያደረገኝ እሱ ነው። በይ፣ እሞርደዋለሁ፤ አንቺ እየመታሽ ትነግሪኛለሽ። ቀስ ብለሽ።

ስንዱ፦ አሁንም አለ።

ይርዳው፦ አሁንስ?

ስንዱ፦ ቀንሷል። ትንሽ ይጨምሩ። ትንሽ። ጋሼ፣ ይብቃው፤ ጠራ።

ይርዳው፦ ከፊትሽ አየሁት። ስልኬን ስጪኝ።

ስንዱ፦ ለአቶ ግዛቸው ከሆነ፣ ብረቱ ነበር ይበሏቸውና ይብቃ። ጆሮዎን አያንሱላቸው። ከነገ ጀምሮ አንድም ሰው ጊታር ይዞ አይመጣልዎትም።

ይርዳው፦ ብረቱ ብቻ ካልኩት፣ ሽማግሌው አዝኖላት ነው ይላል። እጅሽን የከሰስኩት እኔ ነኝ፤ ክሱን የማነሳልሽም እኔ ነኝ። ደግሞስ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም።

ስንዱ፦ ጋሼ፣ ይተዉት።

ይርዳው፦ ሃሎ፣ ግዛቸው። ይርዳው ነኝ። ያን ቀን ስለ ስንዱ የነገርኩህ ትክክል አልነበረም። ፍሬቱን ሞርጄ ሳልጨርስ የሰጠኋት እኔ ነኝ። አልሰማሁትም። አዎ፣ ጆሮዬ። ሁለት ዓመቱ። ለእኔ አትዘን፤ እሷን እንደገና ስማት። እሺ፣ እግዜር ይስጥህ። ልጄ፣ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ይጠብቅሻል።

ስንዱ፦ እርስዎስ?

ይርዳው፦ እኔማ በስተርጅና ማስመሪያ መያዝ እማራለሁ። የሳቅሁባቸው ልጆች ተራቸው ነው፣ ይሳቁ። አንቺ ጊታርሽን ይዘሽ ሂጂ። ሌላውን ሁሉ ብትረሺው አይከፋኝም፤ ይቺን ብቻ አስቢልኝ ልጄ፦ ጣትሽ አላጠፋም።