ቅቤ የጠጣው የሙሴ ዘንግ

እኛ ሰው በሆንበት ዘመን፣ ልጆቼ፣ በትር እንደ ዛሬው ከአጥር ተመዞ የሚያዝ ነገር አልነበረም። የወንድ በትር ይቆረጣል፣ ፍግ ውስጥ ይቀበራል፣ ይወጣና ቅቤ ይጠጣል፣ ከዚያ ከምድጃው በላይ ወራጁ ላይ ይሰቀልና ጭስ ሲመታው ይከርማል። ቀልቶ ጠንክሮ ሲወርድ ያኔ በትር ይባላል። ታዲያ ባሌ ገብሬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዚህ ነገር አንኮበር ውስጥ የሚስተካከለው አልነበረም። የሰው ሁሉ በትር እሱ ዘንድ ይመጣል፣ እና ቀና ባልኩ ቁጥር ግንባሬን የሚመታኝ በትር ነው። ያበሳጨኝ ነበር፣ ግን ምን ላድርግ።

ታዲያ ያን ጊዜ ንጉሡ ዘንድ ፈረንጆች መመላለስ ጀምረው ነበር፣ እና አንዱን፣ በአገሩ አጠራር ሙሴ እያልን የምንጠራውን፣ ለገብሬ ሰጡት፤ ባልደረባው ሁነህ አብላው፣ አሳድረው፣ ዕቃውን ጠብቅ ተባለ። ማደሪያ መሬታችንም የተሰጠን ለዚሁ ነው፣ ከእሷ ሌላ የምንበላበት አልነበረንም። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። አማርኛም ይሞክራል። ግን ሐሳቡ ሁሉ ዓሣ ነው። የዶሮ ላባ ከደጄ ይለቅምና መንጠቆ ላይ በክር ይጠመጥመዋል፣ ምንድን ነው ብንለው ዝንብ ነው ይላል። ዓሣው እውነተኛ ዝንብ መስሎት ይጎርሰዋል ይለናል። እኔማ ይህ ሰው አገሩ ዘመድ የለውም እንዴ ብዬ አዝኜለት ነበር።

ማጥመጃው ደግሞ ዘንግ ነው፣ ቀጭን፣ ተፈታትቶ የሚቀመጥ፣ ሲገጥሙት አንድ የሚሆን፣ እና ከእጀታው ሥር ክር የሚጠቀለልበት የነሐስ መዘውር አለው። ከዕቃው ሁሉ እሱን ነው የሚወደው። ታዲያ አንድ ቀን ንጉሡ ካሉበት ሰፈር ተጠርቶ ሲሄድ ዘንጉን በሁለት እጁ ይዞ ለገብሬ ሰጠውና "ገብሬ፣ ይህ አደራ ነው" አለው። አደራ የሚለውን ቃል ማን እንዳስተማረው እንጃ። ገብሬም ጎንበስ ብሎ ተቀበለ።

አያችሁ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ገብሬ ዘንጉን ገጣጥሞ ቢያወዛውዘው እንደ ልምጭ ይተጣጠፋል። "ምስኪን" አለኝ፣ "ሳይበስል ነው የሸጡለት። በዚህ ውሻ እንኳ አያባርርበትም።" ተወው፣ የሰው ዕቃ ነው አልኩት። እሱ መች ሰምቶ፣ እንግዳዬ ሲመለስ በስሎ ቢያገኘው ምን ይጎዳዋል አለኝ። እና ቀባው። እኔ የናጥሁትን ለጋ ቅቤ፣ ከነመዘውሩ ቀባውና ከምድጃው በላይ ሰቀለው፣ እያወረደ እንደገና ይቀባዋል፣ እንደ አራስ ልጅ። ለካ ያ ዘንግ አንድ እንጨት አይደለም፤ ስንጥር ከስንጥር በሙጫ የተጣበቀ ነው። ሙጫው ሙቀቱ ሲበዛበት ለቀቀ፣ እና አንድ ጧት ሊያወርደው ቢይዘው እጁ ላይ እንደ መጥረጊያ ተበተነ። መዘውሩም ቅቤው ከጥላሸት ጋር ተጋግሮበት አልዞርም አለ፣ ገብሬ በጉልበት ላዙርህ ሲለው መያዣው ተገነጠለ።

ይህን ጊዜ ባሌ መሬት ላይ ቁጭ አለ። መሬቷን ይነጥቁናል አለኝ። ወዲያው ደግሞ "መሬቷስ ትቅር" አለ፣ "አደራ በላ ተብዬ የቤተ ክርስቲያን ደጅ እንዴት እሳለማለሁ?" አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ የሚባለው እኮ በእኛ ጊዜ ለጨዋታ አልነበረም። እና ቆላ ወርጄ እጠፋለሁ ማለት ጀመረ። እኔ የበኩር ልጄን አርግዤ ነበር፣ ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ፣ ግን ሁለታችንም ከፈራን ማን ያስብ? "ቆላ መውረዱንስ እንወርዳለን" አልኩት፣ "ልንጠፋ ሳይሆን ዘንግ ልንመርጥ።"

ወረድን አልዩ አምባ፣ ቆላው ገበያ። እዚያ ሑሴን የሚባል የገብሬ ወዳጅ ነጋዴ ነበረ፣ ነገሩን ሲሰማ ሳቁን ዋጥ አደረገና "አብሽሩ፣ ቆላ ዘንግ አጥቶ አያውቅም" አለን። ሽመል አወጣ፣ ሸምበቆ አወጣ፣ ቀጫጭን ቀርከሃ አወጣ። ታዲያ ገብሬ ምን ያደርጋል፣ አሁንም ጠንካራ ጠንካራውን ይመርጣል። ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይገፋዋል፣ አልታጠፍ ያለውን ይህ ነው በትር ይላል። "አንተ ሰው፣ ዓሣ ሊይዝበት ነው ወይስ ዓሣ ሊፈነክትበት?" አልኩት። ሑሴን በዚህ ጊዜ ሳቁን ለቀቀው። ለክሩ መጠቅለያም እንደዚሁ ተጨቃጨቅን፤ ገብሬ ከወይራ የተሠራ ትልቅ ከባድ መዘውር ወደደ፣ እኔ ከቀንድ የተጠረበ ትንሽ አነሣሁ። እኔ የማውቀው መፍተል ነው፣ እና ቀጭን ፈትል ላይ ከባድ እንዝርት ብታንጠለጥሉ ይበጥሰዋል። አልተስማማንምና ሁሉንም ተሸክመን ዳገቱን ወጣን፣ እሱ የእሱን፣ እኔ የእኔን።

ሙሴ ሲመጣ ገብሬ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ደጁ ላይ ቆመ፣ ማሩኝ ሊል። ያቺ ድንጋይ እኮ ናት፣ ልጄ፣ አሁን አንተ የተቀመጥህባት። ፈረንጁ ግራ ገባው። እኔ ወጣሁና የተበተነውን ዘንግ ከነጥላሸቱ እግሩ ሥር አኖርኩ። "ጌታዬ፣ በትር መስሎት ነው" አልኩ፣ "ሊያበስልልዎ ብሎ ነው።" ስንጥሩን አነሣና አሸተተው። ፊቱ ቀላ። ከቤቱ ጀርባ ሄደ። አለቀልን አልኩ። ሊከሰን ነው፣ ገብሬን ሊያስሩብኝ ነው አልኩ። ገብሬ ከነድንጋዩ እንደ ቆመ ነው፣ ላቡ ይንጠባጠባል፣ እና እኔ ሆዴን ይዤ ማርያም ማርያም እላለሁ።

ተመለሰና ድንጋዩን በገዛ እጁ ከማጅራቱ አወረደለት። "የአባቴ ነበር" አለ። ከዚያ ደግሞ "ሌላ ዘንግ አላችሁ?" አለ።

እንዴት ሮጬ እንዳመጣሁት! የገብሬን ሽመል አነሣ፣ አወዛወዘ፣ መልሶ አስቀመጠው። ሸምበቆውን ቢያጎብጠው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ቀርከሃውን አጎበጠው፣ ለቀቀው፣ ተመልሶ ቀና አለለት፣ እንደገና አጎበጠው። ከዚያ የወይራውን መዘውር ቢያስርበት ዘንጉ ወደ ኋላ ተደፋ። የቀንዱን አስሮ አንድ ጣቱ ላይ ቢያጋድመው ሚዛኑን ጠብቆ ቆመ፣ ወዲህም አይል ወዲያም አይል። "ይህ ከዚህ ጋር" አለ። እኔ ገብሬን አየሁት፣ ገብሬ ግድግዳውን አየ።

በማግሥቱ ወንዝ ወረዱ። እኔ ደጅ ቆሜ ዋልኩ፣ ያ ቀርከሃ ቢሰበርስ እያልኩ። ሲመለሱ ገብሬ ዓሣ በጭራሮ ሰክቶ ከፊት ከፊት ይመጣል፣ እሱ ያጠመደው ይመስል፣ ከሩቅ ጥርሱ ይታየኛል። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እፎይ ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅሁት፣ ልጆቼ። መሬቷም ቀረችልን፣ ስማችንም ቀረልን።

ታዲያ ክረምቱ ሲቃረብ ያ ቀርከሃ ውሃ እየጠጣ፣ ፀሐይ ላይ እየደረቀ፣ መሰንጠቅ ጀመረ፣ እና ሙሴ አንድ ቀን ይዞት ገባ። "ገብሬ" አለው፣ "ቅቤ ቅባልኝ። ጭስ ላይም ስቀልልኝ። እንደዚያኛው።" ገብሬ ዘንጉን አየ፣ ወራጁን አየ፣ እኔን አየ። እና "ጌታዬ፣ ቅቤ አልቋል" አለው። ቅል ሙሉ ቅቤ ከጀርባው ተሰቅሏል!

— ታዲያ ሳይቀባው ቀረ፣ እማማ?

ኧረ ቀባው። እኔ ነኝ ቅሉን አውርጄ እጁ ላይ ያስቀመጥኩለት፣ ሙሴም እኔም በሳቅ ልንሞት ነው። በስሎ እንዴት ያለ ዘንግ ወጣው! ግን ገብሬ ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ማንም በትር ይዞለት ቢመጣ፣ እግዜር ይስጥልኝ ከማለቱ በፊት፣ አገላብጦ ያሸተውና "ሙጫ የለበትም አይደል?" ይል ነበር።