የአዳራሹ ቁልፍ

ጡረታ የወጣ አስተማሪ ሁለት አመል አይለቀውም፤ የሰው ጽሑፍ ማረምና የሰው ወሬ ማዳመጥ። እኔም በጥር መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንኮበር የሚኖር ወዳጄን ልጠይቅ ብዬ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ጋቢዬን ተከናንቤ መኪናው እስኪሞላ ስጠብቅ፣ ይኸው ሁለተኛው አመሌ ጉድ አደረገኝ።

ከፊቴ ሁለት የማውቃቸው ሰዎች መጥተው ተቀመጡ። ሽማግሌው አቶ ወልደአረጋይ የደብራችን ሰበካ ጉባኤ ምክትል ሊቀ መንበር ናቸው። ወጣቱ ቴዎፍሎስ ይባላል፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ማሽን ይጠግናል፣ ከዚያ የተረፈውን ጊዜ ሁሉ ደግሞ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ሰብሳቢ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። የአዳራሹን ቁልፍ አንገቱ ላይ ከማዕተቡ ጋር አስሮት ይሄዳል፤ ከእርሱ በፊት የነበረው ሰብሳቢም፣ ከዚያ በፊት የነበረውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

ሰላምታ ተለዋወጥን። አቶ ወልደአረጋይ ጋቢዬን፣ ከዘራዬንና ሽበቴን በየተራ ተመለከቱና፣

“መምህር፣ እርስዎን እግዚአብሔር ነው የላከልን” አሉኝ።

“ምን ጐደለባችሁ?”

“ሽማግሌ። የዚህ ልጅ ባለቤት አኩርፋ ወላጆቿ ዘንድ አንኮበር ገብታለች። ሦስት ሆነን ልናስታርቅ ነበር፤ አንዱ ለቅሶ ደረሰበት፣ አንዱን ብርዱ ጣለው። ብቻውን የሄደ ሽማግሌ ደግሞ እንግዳ እንጂ ሽማግሌ አይባልም።”

“ከእኔ ጋር ሁለት ነን። ሦስተኛውስ?”

“እሱ ላይ ነው ያለው” አሉ ወደ ሚኒባሱ ጣሪያ እያመለከቱ። እምቢ ለማለት አፌ አልታዘዘኝም።

ከከተማው ወጥተን ወደ ገደሉ አፋፍ ስንቃረብ ጉሙ መንገዱን ሸፈነው። ሾፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ ይነዳ ጀመር፤ ለወሬ ተመቸን። እኔም ሽማግሌ ከሆንኩ ዘንድ ነገሩን ልወቅ ብዬ ቴዎፍሎስን ጠየቅሁት።

“መምህር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው” አለ ሳያንገራግር። “አዳራሹ ውስጥ የጥያቄ ሣጥን አለን። ወጣቱ ስሙን ሳይጽፍ የልቡን ጽፎ ይከታል፣ እኔ እሑድ እሑድ እያነበብኩ እመልሳለሁ። ከገና በፊት አንድ ወረቀት አወጣሁ። ‘ባለቤቴ ጨዋ ነው፤ አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ ደመወዙንም ያመጣል። ግን ልጃችን ሳትነቃ ይወጣል፣ ከተኛች በኋላ ይገባል። ለማን ልክሰሰው?’ ይላል።”

“ምን ብለህ መለስክ?”

“ተቆጣሁ እንጂ። ‘ይህ ሰው ሚስት ሳይሆን ቤት ጠባቂ ነው ያገባው! መጀመሪያ ቤቱ ይግባ፤ ቤቱ ያልተገኘ ሰው ሌላ ቦታ ቢገኝ ምን ይረባል?’ አልኩ። ሁለት መቶ ወጣት አጨበጨበልኝ። ቤት ስገባ ወለተሐና፣ ‘መልስህ ልቤን ደስ አሰኘው፤ የእጅ ጽሑፌን ግን አላወቅከውም?’ አለችኝ። ስምንት ዓመት በትዳር ኖረን ጽሑፏን አላወቅኩትም፣ መምህር። በማግሥቱ ልጃችንን ይዛ ሄደች።”

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሉት ተረት ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ የልጁን ፊት አይቼ ዋጥኩት።

“ይህ ከሆነ ከወር በላይ አይደለም እንዴ? እስከ ዛሬ ለምን ቆየህ?”

አንገቱን ደፋ። “ገና ደረሰ። ቀጥሎ ጥምቀት መጣ፤ ለታቦቱ ምንጣፍ የሚያነጥፉትን ወጣቶች የማስተባብረው እኔ ነኝ።”

አቶ ወልደአረጋይ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙ።

“ታዲያ ለታቦት ምንጣፍ ማንጠፍ ጥፋት ሆነ? እነዚያ ቁማር ቤትና ጠጅ ቤት ሲውሉ የነበሩ ልጆች ዛሬ ዘማሪ የሆኑት በማን ነው? በዚህ ልጅ። ሴት ልጅ ታኮርፋለች፣ ትመለሳለች። እናቷም አኩርፋ ታውቃለች። ‘ቻይው፣ ልጄ’ እንላታለን፣ ትመጣለች፤ ይኸው ነው።”

“ጋሽ ወልደአረጋይ፣ በ‘ቻይው’ አትመጣም” አለ ቴዎፍሎስ በትሕትና። “አራት ጊዜ ‘እቀንሳለሁ’ ብያት አራቱንም ጊዜ ዋሽቻታለሁ። አሁን የምትፈልገው ጽፌ የሰጠሁዎትን፣ ኪስዎ ውስጥ ያለውን ወረቀት ነው። ሰበካ ጉባኤው ማኅተም ካላደረገበት አልመለስም ብላለች።”

ወረቀቱን አስወጣኋቸውና መነጽሬን አደረግሁ። ልማዴ ነውና ሁለት የፊደል ግድፈት አገኘሁበት፤ ሐሳቡ ግን እርማት አያሻውም ነበር። ሰብሳቢነቱ ለሦስት ሰው ይከፈል፤ ቁልፉ በሦስት ይቀረጽ፤ ማንም ከሁለት ዓመት በላይ አይቆይ፤ ባለ ትዳር አገልጋይ በሳምንት ሁለት ምሽትና አንድ ሙሉ ቀን ቤቱ ይዋል ይላል።

“ምን ይጠሉበታል?” አልኳቸው።

“ቁልፍ ሦስት ቦታ ከዋለ ኀላፊነት የለም። ጌታ የጠራው ሰው በፈረቃ አያገለግልም፤ ፋብሪካ አደረጉት እንዴ?”

“ፋብሪካ ውስጥ እኔ ብታመም ማሽኑ አይቆምም” አለ ቴዎፍሎስ። “አምና ታይፎይድ ይዞኝ ስተኛ ያ ሁሉ ወጣት በዚያ ብርድ ደጅ ቆሞ ተበተነ። መስከረም ምክትሌ ናት፣ ከእኔ ይልቅ ታስተምራለች፤ ግን ቁልፉ እኔ አንገት ላይ ነው። ያን ቀን ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ፣ ጋሽ ወልደአረጋይ። ያለ እኔ እንደማይሆን አይቼ ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።”

ሽማግሌው ወደ ጉሙ ዘወር አሉ።

የወለተሐና ወላጆች ግቢ ስንደርስ እንደ ደንቡ በር ላይ ቆምን። እናቷ ወይዘሮ አመተ ማርያም አስገቡን፤ ጠላ ቀረበ፣ ነገራችን ሳይሰማ አንቀምስም አልን። ወለተሐና ነጠላዋን አጣፍታ በዝግታ ገባችና ፊት ለፊታችን ተቀመጠች። ባሏን በጨረፍታ አይታ ዓይኗን መለሰች።

“ልጄ፣ ባልሽ ቤተ እግዚአብሔር እንጂ መጠጥ ቤት አልዋለም” ብለው ጀመሩ አቶ ወልደአረጋይ።

“አባባ፣ መጠጥ ቤት ቢሆንማ ቀላል ነበር” አለች። ድምፅዋ ለስላሳ ነው። “ሰው ያዝንልኝ ነበር። እርስዎም ይቆጡልኝ ነበር። አሁን በምን አፌ እከሳለሁ? ብናገር በአገልግሎት ቀናች እባላለሁ፣ ዝም ብል እኔው እቃጠላለሁ። እኔ እኮ እሱን ያገኘሁት መዝሙር ክፍል ውስጥ ነው፤ ይተው አላልኩም። እዚያ ላሉት ልጆች ያለው ፊት ለእኛም ይትረፈን ነው ያልኩት።”

“ትዳር ትዕግሥት...” ብለው ሳይጨርሱ በሩ ተከፈተና የስድስት ዓመቷ ሊያ ገባች። ሥርዓት የተማረች ልጅ ናት፤ የሽማግሌዎቹን ጉልበት በየተራ ሳመች። ከዚያ አባቷ ፊት ቆመች፣ እጇን ዘረጋችና፣

“ወንድም ቴዎፍሎስ፣ እንደምን ሰነበቱ?” አለችው።

አቶ ወልደአረጋይ ሳቁ። “እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!”

“ጨዋነት አይደለም፣ አባባ” አለች እናቷ። “ነቅታ የምታየው እሑድ አዳራሹ ውስጥ ብቻ ነው። እዚያ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። ሌላ ስሙን አታውቅም።”

ቴዎፍሎስ ልጁን ሊያቅፋት ጎንበስ አለ፤ እርስዋም እንደ እንግዳ ልጅ ቀጥ ብላ ታቀፈችለት። አለቀሰ። እኔም ጋቢዬን ፊቴ ላይ ሳብ አደረግሁ፤ ብርዱ ነው ብዬ።

የአቶ ወልደአረጋይ ሳቅ ፊታቸው ላይ ቀረ። ሲናገሩ ለማን እንደሚናገሩ እንጃ።

“አራት ልጆች አሉኝ። እኔም የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሠላሳ ሁለት ዓመት ይዣለሁ። ፋሲካ ሲሆን ልጆቼ ይመጣሉ፤ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው ‘እንደምን ነዎት’ ይሉኛል፣ በልተው ይሄዳሉ። አክብረውኝ ነው እል ነበር። ወልጄ የሳምኩ ይመስለኝ ነበር፣ መምህር።” ከዚያ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። “እስክሪብቶ ይኖርዎታል?”

ወረቀቱ ላይ በዚያው ፈረሙ። “ሰኞ ለጉባኤው አቀርበዋለሁ። ሲቃወም የነበረው እኔ ነኝ፤ እኔ ከተውኩ የሚከራከር የለም።”

ቴዎፍሎስ ቁልፉን ከማዕተቡ ፈትቶ ሰጣቸው።

“ለእኔ አትስጠኝ” አሉት። “እኔ በቁልፍ የጠፋሁ ሰው ነኝ። ለመስከረም ስጣት።”

ወለተሐና ማኅተሙን ሳላይ አልንቀሳቀስም አለች፤ ልክ ናት፣ እኔ ብሆን ፎቶ ኮፒም እጠይቅ ነበር። ሰኞ ታተመ፣ ረቡዕ ገባች። ጠላው ግን ያኑ ቅዳሜ ተቀመሰ።

ይህ ከሆነ አምስት ወር አልፏል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው በእኛ ሰንበት ትምህርት ቤት ሲሆን አየሁ። መስከረም ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ጥናት አስጀመረች፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሐሳቡ ነበራት፣ በር የሚከፍትላት ነው ያጣችው። ቴዎፍሎስ ባለፈው ሰሞን ጉንፋን ይዞት ቀረ፣ አዳራሹ በሰዓቱ ተከፈተ። ስለ ትዳር ሲያስተምርም ድሮ ይቆጣ ነበር፣ አሁን ይጠይቃል፤ ወጣቱም ይበልጥ ይሰማዋል። እግዚአብሔር ቤትህን ባዶ አድርገህ ቤቴን ሙላልኝ አላለም፤ ይህን ያላመነ አገልጋይ ካለ ማታ ልጁን ቀስቅሶ ስሜ ማነው ብሎ ይጠይቅ።

ባለፈው እሑድ ቴዎፍሎስ ከጥያቄ ሣጥኑ አንድ ወረቀት አወጣ። ከፊት ረድፍ ነበርኩና ጽሑፉ በሩቁ ታየኝ፤ በቤተ ክህነት ብዕር የሠለጠነ፣ ፊደሉ ቀጥ ያለ የድሮ ሰው እጅ ነው። ቴዎፍሎስ ለራሱ አነበበው። ዘንድሮ ጽሑፍ ያውቃል። አጥፎ ኪሱ ከተተውና፣ “የዚህ መልሱ መድረክ ላይ አይደለም” ብሎ ወደሚቀጥለው አለፈ።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። “መምህር፣ ጋቢዎን ይልበሱ። ሽማግሌ ጐድሎናል” አለኝ ቴዎፍሎስ።

የምንሄደው ደነባ፣ የአቶ ወልደአረጋይ የበኩር ልጅ ቃለ አብ ዘንድ ነበር። ቴዎፍሎስ ባለቤቱንና ልጁን ይዞ መጣ፤ አንገቱ ላይ ማዕተቡ ብቻ ነው። አቶ ወልደአረጋይ ለልጅ ልጆቻቸው የገዙትን ብርድ ልብስ ታቅፈው፣ መንገዱን ሁሉ “ምን ብዬ ልጀምር?” እያሉ ጠየቁኝ።

ቃለ አብ በሩን ከፍቶ አባቱን ሲያይ ደነገጠ። “አባባ፣ እንደምን አደሩ፣ ይግቡ” እያለ ሮጦ ለእንግዳ የሚወጣውን ባለ ድጋፍ ወንበር አመጣ፤ በጋቢው ጠረገውም። አቶ ወልደአረጋይ ወንበሩን አልፈው ሄዱና ልጃቸው ተነሥቶ የመጣበት መደብ ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ።

“ወንበሩን ተወው፣ ልጄ። እንግዳ ሆኜ አልመጣሁም።”

እኛ ሽማግሌዎቹ በር ላይ እንደቆምን ቀረን፤ የምንናገረው ነገር አልተረፈልንም።